«እህ» የሚል ሰው

ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ስንወርድ ጆሮዬ የሚደፈንበት አንድ ቦታ አለ። ከደሴ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ደሴ ጦሳ ተራራ ስር 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ ኮምቦልቻ ደሞ ወደ 1850 ዝቅ ብላ ስላለች ሚኒባሱ በዚች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይዞን ይወርዳል። ጠዋት ደሴ ላይ ጃኬት ለብሼ ወጥቼ ኮምቦልቻ ስደርስ አውልቄ ክንዴ ላይ ነው የማንጠለጥለው። እና መሀል ላይ ጠመዝማዛው ሲበዛ ጆሮዬ ድፍን ይልና ኢርፎኑ ውስጥ የሚተርከው ሰውዬ ድምፁ ይርቃል፣ ግድግዳ ከምንጋራው ጎረቤት ቤት የሚያወራ ነው የሚመስለው። ምራቄን ዋጥ ሳደርግ ተመልሶ ይመጣል። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው ቤቴ ደሴ፣ በዚህ መንገድ ስመላለስ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከዛ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ልቦለድ እየሰማሁ ነው የሄድኩት።

አንድ ቀን ጠዋት ስለ አንዲት ሴት የሚያወራ ታሪክ እየሰማሁ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ጥሏት የሄደ ወንድሟ ማታ መጥቶ በሯን ያንኳኳል። እሷ ከውስጥ ቆማለች፣ እሱ ከውጪ ቆሟል፣ ታሪኩ በሙሉ በቃ ይሄው ነው፣ የበሩ ሁለት ጎን። እኔም ትንፋሼን ይዤ እየሰማሁ ጆሮዬ ድፍን አለ። ሲከፈትልኝ ተራኪው ስለ ጠዋት ፀሐይ ነው የሚያወራው፣ ታሪኩ አልቋል። ኮምቦልቻ ወርጄ መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት። ያመለጠኝ ሁለት ቃል ነው፦ «መቀርቀሪያውን አነሳች።» ሁለት ቃል! ያቺን ሁለት ቃል ጥዬ የቀረውን ሁሉ ብሰማው ኖሮ ሌላ ታሪክ ይዤ ነበር ቢሮ የምገባው።

ረጅም ልቦለድ ላይ እንዲህ አይደለም። አንድ ገጽ ቢያመልጥሽ ሌላው ገጽ ይነግርሻል፣ ሰዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ነገሩ ይደጋገማል። አጭር ልቦለድ ግን ሁሉንም ነገር አንዴ ነው የሚናገረው። ኤድጋር አለን ፖ የሚባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1842 ስለዚህ ጽፎ ነበር፣ ጥሩ አጭር ታሪክ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ አንዴ ቁጭ እንደተባለ ተነቦ ማለቅ አለበት፣ አንባቢው መሀል ላይ ተነስቶ ሌላ ጉዳይ ከነካ የዓለም ነገር ገብቶ ያበላሽበታል የሚል ነው ሀሳቡ። እሱ ስለ ወረቀት ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን ሳነበው ሐረጎን ነው ያሰብኩት። አርባ ደቂቃ ምናምን የሚፈጅ፣ መነሻ ያለው፣ መድረሻ ያለው፣ መሀሉ ላይ መውረድ የማይቻልበት መንገድ።

የትረካ ነገር ግን በእኔ አልተጀመረም፣ አባዬ ነው ያመጣብኝ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ነው የሠራው፣ እና ወጣት ሳለ የሬድዮ ሰው ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ የሰማው ሰው እስከ ዛሬ ሲያወራው ድምፁ ይለወጣል፣ አባዬም እንደዛ ነው። የፕሮግራሙ ሰዓት ሲደርስ የሬድዮኑ ድንጋይ ሊያልቅ ከሆነ ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተው ያውሉት ነበር ለማታ ትንሽ ነፍስ እንዲዘራ። የሬድዮ ባለቤት የሆነ ሰው ቤት ይሰበሰባሉ፣ ማንም አያወራም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፣ ግን አባዬ እስከ ዛሬ በእጁ ይዞት አያውቅም። በዛብህንና ሰብለወንጌልን የሚያውቃቸው በወጋየሁ አፍ ነው። «አንብበኸዋል?» ብትሉት ደሞ ያለምንም ማመንታት «አዎ» ነው የሚላችሁ፣ እኔ ደሞ ውሸት አይደለም ባይ ነኝ።

አብረን ትረካ መስማት የጀመርነው በጦርነቱ ጊዜ ነው። በ2014 ጥቅምት ውስጥ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ሰው ወጣ፣ እኛ ግን ቀረን፣ አባዬ ከቤቴ አልወጣም አለ። እስከ ኅዳር 27 ድረስ ያለውን ጊዜ ብዙ ሰው ጽፎታል፣ እኔ ሁሉንም አላወራውም፣ የምችለውም አይመስለኝም። መብራት የለም፣ ስልክ አይሠራም፣ ባንክ ዝግ ነው። ስልኬ ላይ ዳውንሎድ አድርጌ የረሳኋቸው አሥራ አንድ አጫጭር ልቦለዶች ነበሩ። ስልኩን ቀኑን ሙሉ አጥፍቼው እውልና ማታ በሩን ዘግተን መጋረጃውን አውርደን ሃያ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ እከፍተዋለሁ። ኢርፎኑን አንዱን ለእሱ አንዱን ለእኔ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ጭንቅላታችን ሊነካካ ደርሶ ነው የምንቀመጠው። አንድ ታሪክ፣ ከዛ ማጥፋት። ጠዋት ባትሪውን አይቼ ስንት ፐርሰንት እንደቀረ ስነግረው እሱ በጣቱ ስንት ታሪክ እንደሚያስኬደን ይቆጥራል።

እዛ ስልክ ላይ አንድ ረጅም ልቦለድም ነበር፣ አሥራ ምናምን ክፍል ያለው። አንድ ቀን እሱን እንጀምር ስለው «ተዪው» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ነገ ማታ እዚህ ቤት መኖራችንን ማናችንም ስለማናውቅ ዛሬ ተጀምሮ ዛሬ የሚያልቀውን ነበር የፈለገው። አጭር ልቦለድን ያኔ ነው ከልቤ የወደድኩት፣ ከዛ በፊት የረጅሙ ታናሽ ወንድም ነበር የሚመስለኝ።

ከዛ በኋላ ባሉት ዓመታት የአባዬ ዓይን እየደከመ መጣ። ግላኮማ ነው፣ የዓይን ግፊት የሚሉት፣ ነርቩን እየጎዳ ከዳር ከዳር ይጀምርና ወደ መሀል ይመጣል። ጠብታው እንዳይብስ ያደርጋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም፣ ይሄንን እኛ ዘግይተን ነው ያወቅነው። (ቤታችሁ ትልቅ ሰው ካለ አስመርምሩ፣ በተለይ በዘር ካለ፣ አያምም እኮ፣ ሳያም ነው የሚወስደው።) ጋዜጣ ማንበብ ቀረ፣ ከዛ የሰው ፊት መለየት ቀረ። እኔ መፍትሔው በእጄ ያለ መስሎኝ ነበር፣ ከቴሌግራምና ከዩቲዩብ ያለውን ትረካ ሁሉ ለቃቅሜ፣ ከፍዬ የማወርድበት አፕም አለኝ፣ ብቻ በቂ ነው የምለውን ሰብስቤ ስልክ ላይ ጭኜ ሰጠሁት።

በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። «አልወደድከውም አባዬ?» ስለው «ሰውዬው አይጠብቀኝም» አለኝ።

ስፒዱ የፈጠነ መሰለኝና ቀነስኩለት። አይደለም። ድምፁን ጨመርኩለት። አይደለም። «በጦርነቱ ጊዜ እኮ ትወደው ነበር» ስለው «ያኔ አንቺ ነበርሽ» አለ፣ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ይሄ ነገር ለብዙ ቀን ሐረጎን ስወጣና ስወርድ አብሮኝ ሄደ። ጦርነቱ ጊዜ እኔ ምን አደረግኩ? ምንም። አጠገቡ ተቀምጬ ሰማሁ እንጂ አንድ ቃል አላነበብኩለትም። ከዛ አንድ ቅዳሜ ቡና እየተፈላ አባዬና አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው ሲያወሩ ዝም ብዬ አዳመጥኳቸው፣ የሚያወሩትን ሳይሆን አወራራቸውን። አንዱ ሲናገር ሌላው በየመሀሉ «እህ» ይላል። «እህ… እህ… ኧረ! … እህ።» አንዴ ሰውየው ሲጋራ ሊያወጣ ኪሱን ሲፈትሽ «እህ» ማለት ረሳ፣ አባዬ ወሬውን ቆም አደረገው። ሰውየው ቀና ብሎ «እህ» ሲለው ቀጠለ።

እኛ ሀገር ወሬ እንደዚህ ነው። «ተረት ተረት» ያለ ሰው «የላም በረት» የሚለው ከሌለ ተረቱን አይጀምርም። መንዙማ ላይ የሚያወጣ አለ የሚቀበል አለ፣ ተቀባይ ከሌለው ያ ሰው ብቻውን ምን ይሆናል። ስልክ ስናወራ እንኳን ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ለሦስት ሰከንድ ዝም ካለ «ሄሎ? ሄሎ?» እንላለን፣ የተቋረጠ ነው የሚመስለን፣ ምክንያቱም «እህ» የለም። ሰሚው ግማሹን ሥራ ነው የሚሠራው። ሪከርድ የተደረገ ትረካ ደሞ ይሄንን ግማሽ አያውቀውም፣ እህ ብትለው አይሰማህም፣ ባትለውም ይሄዳል። አባዬ ያኔ በጨለማ ውስጥ «እህ» ሲል እኔ እሰማው ነበር፣ እኔም እል ነበር መሰለኝ፣ ጭንቅላታችን ተነካክቶ። ተራኪው ባይጠብቀንም እኛ እርስ በርስ እንጠባበቅ ነበር።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ ትረካ የምሰማበት ጆሮ ተለወጠ። ጥሩ ተራኪ የምለው ማንን እንደሆነ አሁን በደንብ መናገር እችላለሁ፦ የ«እህ»ን ቦታ የሚተው ሰው ነው። ስቱድዮ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ማይክ እያየ፣ ከፊቱ አንድ ሰው እንዳለና ያ ሰው አሁን «እህ» እንደሚል አስቦ፣ ለዛች የምትሆን ትንፋሽ ቆም የሚል። ወጋየሁ ይሄ አለው፣ ዩቲዩብ ላይ ገብታችሁ ስሙት። ሰው እሱን ሲያደንቅ ስለ ድምፁ ግርማ ነው የሚያወራው፣ ድምፁማ ድምፅ ነው፣ እኔን የሚገርመኝ ግን ዝምታው ነው። ከባድ ነገር ከተናገረ በኋላ አያሳድደውም፣ ይተወዋል፣ እኛ ጋ እስኪደርስ።

አሁን አሁን የሚሠሩት ላይ ደሞ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ያንን ክፍተት በሙዚቃ መሙላት ነው። ዋሽንት፣ ክራር፣ ፒያኖ፣ አንዳንዱ የነጎድጓድና የበር መንኳኳት ድምፅ ሁሉ ያስገባበታል። ጸሐፊው «ዝናብ ነበር» ካለ እኔ የደሴን ዝናብ አውቀዋለሁ እኮ፣ የሐምሌን፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብሽ ካለ ሰው ጋር መነጋገር የማያስችለውን፣ ለምን የሌላ ሰው ዝናብ ታሰማኛለህ? ድምፅ መቀያየሩም እንደዛው ነው። ወንዱ ተራኪ ሴት ስትናገር ድምፁን ቀጭን ሲያደርግ፣ ሽማግሌ ሲሆን ሲያንቀጠቅጥ፣ ታሪኩ ወደ ድራማ ይሄድና ሰዎቹ ከእኔ ራስ ወጥተው እሱ ጋ ይቀራሉ። ትንሽ ዘንበል ማድረግ ይበቃል፣ ማን እንደተናገረ እኛ እናውቃለን። በ1.5 ስፒድ የሚሰሙ ጓደኞች አሉኝ፣ ለዜና ይሁን እሺ፣ አጭር ልቦለድን ግን እንዲህ ማድረግ «መቀርቀሪያውን አነሳች» የሚለውን ሁለት ቃል እንደ ዋጋ ዝርዝር ማለፍ ነው።

በመጨረሻ ራሴ ለማንበብ ወሰንኩ። መጀመሪያ ማታ ማታ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ከዛ ደሞ እኔ ሥራ ስሆን እንዲሰማው በስልክ እየቀዳሁ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ዓይን ለራሱ ሲያነብ የማይገባውን ዘሎ ያልፋል፣ አፍ ግን መዝለል አይችልም፣ በየቃሉ መወሰን አለበት። በተለይ አማርኛ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፣ አንባቢው ነው የሚለየው። «ገና ነው» የሚል አንድ አረፍተ ነገር አስቡ፣ «ና» ከላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ከጠበቀ በዓሉ ደርሷል ማለት ነው። «ይመታል» ከላላ መቺ ነው፣ ከጠበቀ ተመቺ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ መኖሩ ነው። ገጹ ላይ ሁሉም አንድ ናቸው።

አንድ ቀን «ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር» የሚል አረፍተ ነገር መጣ፣ እኔ «ፊ»ን አጥብቄ አነበብኩት። አባዬ ወዲያው «ወፍራም ሰውዬ ነው?» አለኝ። እንጃ ብዬ ቀጠልኩ። ከሁለት አንቀጽ በኋላ የስፌት መኪና መጣች፣ ከዛ መርፌ፣ ከዛ አዝራር። ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው ለካ፣ ላልቶ ነው የሚነበበው። አባዬ ትንሽ አሰበና «እንደገና ከመጀመሪያው አንብቢው» አለኝ፣ «እስካሁን ሌላ ሰው ነው በሩ ላይ ያቆምኩት» አለ። ያን ቀን ገባኝ፣ እኔ ባጠበቅኳት አንዲት ፊደል ዓይኑ የማያይ አንድ ሰው ራስ ውስጥ አንድ ሙሉ ሰው ተሳስቶ ቆሟል። ከዛ ወዲህ ከመቅዳቴ በፊት ሁለት ጊዜ ለራሴ አነባለሁ፣ በእርሳስ የሚጠብቁት ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ አደርጋለሁ፣ የምቆምበት ቦታ ላይ ደሞ ትንሽ ሰረዝ። ሰረዟ የ«እህ» ምልክት ናት።

በኋላ ሳነብ ያወቅኩት፣ ይሄ በድምፅ የሚሰማ መጽሐፍ የሚባለው ነገር ራሱ የተጀመረው ለማያዩ ሰዎች ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1934 ለዓይነ ስውራን በሸክላ የተቀዱ መጻሕፍት መሠራጨት ጀመሩ፣ እንግሊዝ ሀገር ደሞ በ1935፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ጉዳይ ከጀርባው ነበረበት። የእንግሊዞቹ ሸክላ አንዱ ገጹ 25 ደቂቃ ገደማ ይይዝ ነበር። አንድ ሙሉ ልቦለድ ብዙ ሸክላ መገልበጥ ይጠይቃል፣ አጭር ታሪክ ግን አንድ ሸክላ ላይ ጥቅልል ብሎ ይገባል። እኔ ሰዓት ይዤ ስቆጥር በደቂቃ ከ90 እስከ 100 ቃል ነው የማነበው፣ ስለዚህ የእኔም «ሸክላ» ወደ 2400 ቃል ገደማ ነው ማለት ነው። አባዬ ከዛ በላይ ሲሆን ይደክመዋል፣ ዓይኑ ሳይሆን ጆሮው።

ስልኩንም ቀየርኩለት። በጣት የሚነካ ስክሪን ለማያይ ሰው መከራ ነው፣ የቱን እንደነካ አያውቅም። ባለ ቁልፍ ስልክ ገዝቼ ሚሞሪ ካርድ ከተትኩበት፣ መሀለኛዋን ቁልፍ ሲጫን ይጀምራል ሲጫን ይቆማል፣ ግራና ቀኝ ታሪክ ይቀይራል። በየታሪኩ መጀመሪያ እኔ ርዕሱንና የጸሐፊውን ስም እናገራለሁ። መጨረሻ ላይ ደሞ አንድ ደቂቃ ባዶ እተዋለሁ፣ ምንም ድምፅ የሌለበት፣ ቀጣዩ ዘሎ እንዳይገባበት። አጭር ልቦለድ ካለቀ በኋላ ወዲያው ሌላ መስማት አይቻልም፣ ቢያንስ እኔ አልችልም፣ ያ «መቀርቀሪያውን አነሳች» ገና ወደ ውስጥ እየገባ ነው። በራሱ ወደሚቀጥለው የሚሄድ ማንኛውም አፕ ላይ ያቺን ሴቲንግ ፈልጉና አጥፏት።

ቢሮ ውስጥ አንድ በጣም የማከብረው ልጅ «መስማት ማንበብ አይደለም፣ ቁጭ ብሎ ገጽ መግለጥ ሌላ ነው» ይለኛል። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ገጽ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው፣ አንድ ቆንጆ አረፍተ ነገር ላይ አሥር ጊዜ መቆም ይቻላል፣ የጸሐፊው ነጠላ ሰረዝና አዲስ መስመር ይታያል። አንዳንድ አጭር ልቦለድ ደሞ በገጽ አቀማመጡ የሚጫወት አለ፣ ያ በድምፅ ሞቶ ነው የሚመጣው። ግን የአማርኛ ገጽ ራሱ ግማሽ ነው እላለሁ እኔ፣ ጥብቀቱ የለበትም፣ ለዛው የለበትም፣ ወሎዬ ሲናገርና ጎጃሜ ሲናገር ያለው ልዩነት የለበትም፣ ሰው ድምፅ ካልሰጠው ሙሉ አይሆንም። አባዬ በዛብህን በጆሮው ነው ያገኘው፣ ያ ልጅ በዓይኑ፣ ከሁለቱ በዛብህን አብልጦ የሚያውቀው የቱ እንደሆነ እኔ አልፈርድም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን ጎረቤቶችም ይመጣሉ። ስልኩን ጎድጓዳ የብረት ሳህን ውስጥ ስናስቀምጠው ድምፁ ይጎላል፣ ሳህኑን ረከቦቱ አጠገብ እናደርገዋለን፣ አቦል እስኪቀዳ ይጀምራል። አንድ ጊዜ የተመስገን ገብሬን «የጉለሌው ሰካራም» አነበብኩላቸው፣ በ1941 ዓ.ም. የወጣ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ አጭር ልቦለድ ተብሎ የሚጠቀሰው። ይሄ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ ነው፣ እዛ ቡና ላይ ከነበሩት ውስጥ ከእሱ የሚበልጡ ነበሩ። ለአያቶቻችን ተረት ነበረ፣ ለእኛ ነው አጭር ልቦለድ የመጣው።

እና ልዩነቱ ሲያልቅ ነው የሚታየው። ተረት «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ በሩን ዘግቶ ነው የሚወጣው። አጭር ልቦለድ በሩን ከፍቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ቅዳሜ የበሩን ታሪክ ሳሰማቸው ካለቀ በኋላ ሁሉም ዝም ብለው ጠበቁ። አንዷ ትልቅ ሴት ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው ሳህኑን እያዩ «ባትሪው ዘጋ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። አልቋል እትዬ ስላቸው «እንዴ፣ ከዚያስ? ገባ? ይቅር አለችው?» አሉ። አባዬ «መቀርቀሪያውን አነሳች እኮ ነው ያለው፣ ገብቷል» አለ። እሳቸው ደሞ «ወላሂ አልገባም፣ መቀርቀሪያ ማንሳትና በር መክፈት አንድ ነው እንዴ?» ብለው ተነሡ። ከዛ በቃ ቶናው በዚህ ክርክር አለቀ፣ በረካው ላይ የየራሳቸው ወንድም፣ የየራሳቸው የተዘጋ በር ሁሉ ወጣ። አንዱ ለሃያ ዓመት ያላናገረውን ወንድሙን አነሣ። ኒው ዮርከር የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አንድ ደራሲ የሌላ ደራሲ አጭር ልቦለድ መርጦ የሚያነብበትና ከዛ ከአዘጋጇ ጋር ስለ ታሪኩ የሚወያዩበት ፖድካስት አለው፣ በጣም እወደዋለሁ፣ ከንባቡ ይልቅ ውይይቱን የምጠብቅበት ጊዜ አለ። የእኛም እሱ ነው፣ ቡና ያለበት።

ብዙ ሰው ለምን ቴሌግራም ላይ አትለቂውም ይለኛል። አልለቅም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባለው የቅጂ መብት ሕግ አለ፣ ጸሐፊው በሕይወት እያለና ከሞተም በኋላ ሃምሳ ዓመት ሥራው የእሱና የወራሾቹ ነው። ሕጉ ባይኖርም አላደርገውም ነበር። አጭር ልቦለድ የሚጽፍ ሰው እዚህ ሀገር ከመጽሐፉ ምን እንደሚያገኝ የሚያውቅ ሰው ያለ ፈቃዱ ድምፁን ሰጥቶ ሥራውን አይበትንም። እኔ የማነባቸውን መጽሐፎች ገዝቼ ነው፣ የማነበው ለአንድ ሰው ነው፣ ሲበዛ ለአንድ ቡና። ጸሐፊዎቻችንን አስፈቅደው፣ ከፍለው የሚያስተርኩ ሰዎች ሲመጡ ደሞ ደስ ይለኛል፣ እከፍላለሁም።

ባለፈው ሐምሌ ለአባዬ አዲስ ታሪክ መቅዳት አቅቶኝ ከረመ። ዝናቡ ነው። ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ሆኖ መቅዳት አይቻልም፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ውስጥ ገብቼ ሁሉ ሞክሬዋለሁ፣ ዝናቡ ተከትሎኝ ይገባል። አንድ ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀጥ ሲል ነቃሁ። ተነስቼ ሳሎን አልጋው ጥግ ላይ ሻማ አብርቼ ቁጭ ብዬ፣ ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ መቅዳት ጀመርኩ። አባዬ የተኛ መስሎኝ ነበር። ሃያ ሦስት ደቂቃ አነበብኩ፣ አንድም ቦታ ሳልሳሳት።

ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ልሰማው ከፈትኩት፣ ሁልጊዜ ሳልሰማ አልሰጠውም። ደህና ነው፣ ዝናብ የለም፣ ጥብቀቱም ልክ ነው። ሐረጎ ላይ ደረስን፣ መጠማዘዝ ጀመርን፣ ጆሮዬ ድፍን አለ፣ የራሴ ድምፅ ራቀኝ። ምራቄን ልውጥ ስል በእርሳስ ሰረዝ ያደረግኩባት ቦታ ላይ ደርሶ ነበር፣ ንባቡ ቆም አለ፣ እና ከክፍሉ ሌላ ጥግ፣ ከግድግዳው በኩል፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «እህ» አለ።

ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት። ከዛም ሌላኛዋ ሰረዝ ላይ አለች፣ ከዛም ሌላኛዋ ላይ። ዘጠኝ ጊዜ። አልቆረጥኩትም፣ እንዳለ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ጫንኩለት።